«ለሁሉም ልጅ፣ በየቀኑ»? የቫይታሚን ጠርሙሱን ገልብጠን እናንብበው

ከአዲስ አበባ ተነስቶ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ አውቶቡስ ሆሳዕና መናኸሪያ ሲገባ ሰው ብቻ አይደለም የሚያወርደው። ዕቃም ይወርዳል። አንዱ ልጅ ከአዲስ አበባ የላከው ነው፤ ሌላው ወንድም ከደቡብ አፍሪካ በሰው በኩል ያደረሰው። ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሺቾ ወይም ወደ ሾኔ የሚቀጥለው ዕቃ እዚያው መኪና ይቀየርለታል። ፌስታሎቹ ሲፈቱ ታዲያ ከጫማውና ከስልኩ ጎን አንዳንዴ ሌላ ስጦታ ብቅ ይላል፦ የሕፃናት ቫይታሚን። በሽሮፕ መልክ ወይም እንደ ከረሜላ ለስልሶና ጣፍጦ። ሥዕሉ ላይ ጉንጩ የሞላ ሕፃን ይስቃል። ከሥሩ ስለ ዕድገት፣ ስለ አእምሮ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት ተጽፏል። አጠቃቀሙም ቀላል ነው፦ በየቀኑ።

ስጦታው ከፍቅር የመጣ ነው፣ በእሱ ላይ ምንም የለኝም። ትችቴ ጠርሙሱ ላይ ስላለው ሐሳብ ነው፦ «ትንሽ ልጅ ሁሉ በየቀኑ ቫይታሚን ያስፈልገዋል» በሚለው ላይ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ሐሳብ ሳይጠይቅ ተቀብሎታል፤ ለእንቁላልና ለወተት የተያዘ ብር ለጠርሙሱ የሚሄድበት ቤትም አለ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ በምህንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ሙያዬ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር አንድ መፍትሔ ሲቀርብልኝ «የየትኛው ችግር?» እና «በምን መጠን?» ብሎ መጠየቅን ነው። ኑ፣ አብረን እንጠይቅ።

አንድ ስም፣ ብዙ ነገር

መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጋራዥ ገብታችሁ «መኪናዬ ዕቃ ጎድሎታል፣ አስገቡለት» ብትሉ መካኒኩ ምን ይላችኋል? መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ «የቱ ዕቃ?» ይላል። ዘይት የጎደለው መኪና ውስጥ አዲስ ቸርኬ ብትጭኑ አይነሳም።

«ቫይታሚን» የሚለው ስም የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ስሙን ያወጣው ካሲሚር ፈንክ የተባለ ፖላንዳዊ የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ዛሬ ቫይታሚኖች 13 መሆናቸውን እናውቃለን፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኬ እና ስምንቱ የቢ ቤተሰብ። እያንዳንዱ የየራሱ ሥራ አለው፣ አንዱ የሌላውን አይተካም። ብረት፣ ዚንክና አዮዲን ደግሞ ጭራሽ ቫይታሚን አይደሉም፤ ማዕድናት ናቸው። ይሁን እንጂ በአገራችን ሕፃናትን በብዛት ከሚጎዱት ጉድለቶች ውስጥ ዋና ዋናዎቹ የእነዚህ ማዕድናት ናቸው። ስለዚህ «ልጁ ቫይታሚን ይጎድለዋል» የሚለው አነጋገር ገና ከመነሻው ምንም አልነገረንም። የቱ?

ሮቶና ቧንቧ

ሁለተኛው ጥያቄ «በየቀኑ» የሚለው ነው። ሰውነታችን ቫይታሚኖችን በሁለት መንገድ ይይዛል። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ በስብ የሚሟሙ ናቸው፤ በተለይ ኤ ጉበት ውስጥ ይከማቻል። ጉበት እዚህ ላይ እንደ ቤታችን ሮቶ ነው፦ ውኃ በመጣ ቀን ይሞላል፣ በጠፋ ቀን ከእሱ ይቀዳል። ሲ እና ቢዎቹ ደግሞ በውኃ የሚሟሙ ናቸው፤ የአብዛኞቹ ትርፍ በሽንት ይወጣል። ቫይታሚን የወሰደ ሰው ሽንቱ ደማቅ ቢጫ ሲሆን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያ ቀለም በአብዛኛው ቫይታሚን ቢ2 ነው። የተገዛው ነገር በቧንቧ ሲፈስ ማለት ነው።

የሮቶው ነገር ለምን አስፈለገ? ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ለሆኑ ሕፃናት በጤና ባለሙያዎች በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ ጠብታ ታውቃላችሁ። ሰማያዊዋ እንክብል ከ6 እስከ 11 ወር ላሉት ናት፣ 100,000 አይዩ ይዛለች። ቀይዋ ከዚያ በላይ ላሉት ናት፣ 200,000 አይዩ። አይዩ ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው፤ 3.33 አይዩ አንድ ማይክሮግራም ሬቲኖል ይሆናል። እስቲ ካልኩሌተር አውጡ። 200,000ን ለ3.33 ስናካፍል 60,000 ማይክሮግራም ገደማ እናገኛለን። ይህን ለ180 ቀን ብናካፍለው በቀን 333 ማይክሮግራም ይደርሳል። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን የሚመከርለት ስንት ነው? 300 ማይክሮግራም! ሁሉም ጠብታ ወደ ደም ስለማይገባና ስለማይከማች ሒሳቡ ግምት ነው። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ እናት ልጇን በዓመት ሁለት ጊዜ ይዛ ብትመጣ ሮቶው ይሞላል። የዕለት ማንኪያ አያስፈልግም።

ይህ ፕሮግራም የመጣው ከጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አልፍሬድ ሶመርና ባልደረቦቻቸው በኢንዶኔዥያ አቼ ግዛት ከ400 በላይ መንደሮች ውስጥ ያደረጉትን ጥናት አወጡ። ቫይታሚን ኤ በተሰጠባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ቆየት ብሎ የተደረጉ ጥናቶች ቁጥሩን ዝቅ አድርገውታል። በ2013 የታተመው፣ ሰሜን ሕንድ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ሕፃናትን ያካተተው ትልቁ ጥናት ያገኘው ቅናሽ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ እሱም ከአጋጣሚ የሚለይ አልነበረም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነው የ2017ቱ የኮክሬን ግምገማ 12 በመቶ ላይ አረፈ። ልዩነቱ አያስደንቅም፦ ጉድለቱ በከፋበት ቦታ ጥቅሙ ይጎላል፣ በቀለለበት ይደበዝዛል።

እዚህ ላይ አንድ የማስታወቂያ ዘዴ ልብ በሉ። የጤና ጣቢያው እንክብልም፣ የሱቁ ሽሮፕም «ቫይታሚን» ይባላሉ። የመጀመሪያው በሚሊዮን ሕፃናት ላይ ተፈትኗል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ዝና ለብሶ ይሸጣል። አንድ ዓይነት ስም ስላላቸው ብቻ አንዱን የደገፈ ማስረጃ ሌላውን አይደግፍም።

ጠንካራው ተቃውሞ

«ቆይ ቆይ» ትሉኝ ይሆናል። «አንተ የምታወራው ጠግቦ ስለሚያድር ልጅ ነው። እኛ ጋ እኮ ጉድለቱ እውነት ነው!» ትክክል። ይህን ተቃውሞ ማለፍ አይቻልም።

ቁጥሮቹን እንያቸው። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው ነበር፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር ነበር። ከ6 እስከ 59 ወር ካሉት 57 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ውስጥ በቀን ቢያንስ ከአራት የምግብ ምድቦች ያገኙት 14 በመቶው ብቻ ነበሩ። መንግሥት በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳንን የገባውም መቀንጨርን እስከ 2030 ለማስቀረት ነው። ታዲያ 86 በመቶው የተሟላ ምግብ ካላገኘ፣ ለሁሉም ቫይታሚን መስጠት ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

መልሱ ሦስት ክፍል አለው።

አንደኛ፣ የቀነጨረ ልጅ የጎደለው ቫይታሚን ብቻ አይደለም። ጉልበት የሚሰጥ ምግብ፣ ፕሮቲን፣ ዚንክ፣ ንጹሕ ውኃና ከተደጋጋሚ ተቅማጥ እፎይታም ጎድሎታል። አንድ ማንኪያ ሽሮፕ ውስጥ ፕሮቲን የለም ማለት ይቻላል። ጉልበት የሚሰጠውም ካለ ስኳሩ ነው።

ሁለተኛ፣ ጠርሙሱ የሚደርሰው ለማን ነው? መግዛት ለሚችል፣ ወይም ውጭ አገር ሰው ላለው። የተሻለ የሚበላው ልጅ ቫይታሚን ይጨመርለታል፤ ሽንብራና እንቁላል የራቀው ልጅ ጠርሙሱም ይርቀዋል።

ሦስተኛ፣ ለብዙኃን የሚሆን መፍትሔ ሁሉም ሰው በሚበላው ነገር ውስጥ ሲገባ ነው የሚሠራው። ምሳሌው ጨው ነው። በደጋው አካባቢ አፈሩ በዝናብ ሲታጠብ ስለኖረ አዮዲኑ ሳስቷል፤ እንቅርት የበዛውም ለዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ አወጣች። ዛሬ በአዮዲን የበለጸገ ጨው በሚጠቀም ቤት ማንም «የልጄን አዮዲን ረሳሁ» አይልም፤ ወጡ ውስጥ ገብቶለታል። በ2022 ደግሞ የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ወጥቷል። እንዲህ ያለው ሥራ በማስታወቂያ ላይ አይታይም፤ ግን ሀብታምና ድኻ አይለይም።

ብረት፦ ያው እንክብል፣ ሌላ ልጅ

«ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅም አይጎዳም» የሚለውን ሰምታችኋል አይደል? እስቲ ብረትን እንይ።

በዛንዚባር ፔምባ ደሴት፣ ወባ በበዛበት ቦታ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት በየቀኑ ብረትና ፎሊክ አሲድ የሚሰጥ ትልቅ ጥናት ተደርጎ ነበር። ጥናቱ ሳያልቅ እንዲቆም ተደረገ፤ ምክንያቱም እንክብሉን ከወሰዱት መካከል የሞቱትና ሆስፒታል የተኙት በ12 በመቶ በልጠው ተገኙ። ውጤቱ በ2006 ታተመ። በጣም የሚያስተምረው ግን ከውስጡ የወጣው ንዑስ ጥናት ነው። መጀመሪያ ደማቸው ተመርምሮ ብረት እንደጎደላቸው የታወቁት፣ የወባ ክትትልም የነበራቸው ሕፃናት ተጠቅመውበታል። እንክብሉ ያው ነው። የተለየው ልጁና የተደረገለት ምርመራ ነው።

ይህን ወደ አካባቢያችን አምጡት። ሆሳዕና ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች ወባው ይቀንሳል፤ ወደ ጊቤና ወደ ብላቴ ሸለቆ ሲወረድ ግን ወባ አለ። ከአንድ መናኸሪያ የተነሱ ሁለት ጠርሙሶች፣ አንዱ ደጋ ሌላው ቆላ ሲደርስ፣ የሚገናኙት ከተለያየ ሁኔታ ጋር ነው።

ብረት አይሰጥ እያልኩ ነው? በፍጹም! የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው መመሪያ የሕፃናት ደም ማነስ 40 በመቶና ከዚያ በላይ በሆነበት አገር ከ6 እስከ 23 ወር ላሉ ሕፃናት በቀን ከ10 እስከ 12.5 ሚሊግራም ብረት፣ በዓመት ውስጥ ለሦስት ተከታታይ ወራት እንዲሰጥ ይመክራል። ወባ ባለበት ደግሞ ከወባ መከላከልና ሕክምና ጋር። አያችሁ? ዕድሜው፣ መጠኑ፣ ጊዜው፣ ሁኔታው ሁሉ ተቆጥሯል። ልክ እንደዚሁ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ የሚሰጠው ከ10 እስከ 14 ቀን ነው፣ ከዚያ ይቆማል። እነዚህም ተጨማሪ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ግን መጀመሪያና መጨረሻ አላቸው።

ከብረት ሳንወጣ አንድ ነገር ልጨምር። ማለዳ መናኸሪያ አካባቢ ባሉ ሻይ ቤቶች ልጆች ዳቦ በሻይ ሲበሉ ታያላችሁ። ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖሎች ከእህል የሚገኘውን ብረት አንጀት ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ቫይታሚን ሲ ደግሞ በተቃራኒው ያሳልፈዋል። ስለዚህ ሻዩን ከምግብ ሰዓት አርቆ፣ ከምግቡ ጋር ብርቱካን ወይም ቲማቲም መስጠት ምንም ጠርሙስ ሳይከፈት የብረቱን መጠን የሚያሻሽል ነገር ነው።

ፀሐይ፦ ለንደንና ሆሳዕና

ውጭ ያለ ዘመድ «እዚህ እኮ መንግሥት ራሱ ነው የሚያዝዘው» ቢላችሁ ውሸት አይደለም። የብሪታንያ የጤና አገልግሎት ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ሕፃናት ቫይታሚን ኤ፣ ሲ እና ዲ በየቀኑ እንዲወስዱ ይመክራል። ለምን እዚያ?

ከምክንያቶቹ አንዱ ጂኦሜትሪ ነው። ለንደን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 51.5 ዲግሪ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምታልፍ ጨረሯ አየሩን በረጅም ሰያፍ መንገድ ያቋርጣል፤ ቆዳችን ውስጥ ቫይታሚን ዲ የሚያሠራው ዩቪቢ የተባለው ጨረር መንገድ ላይ ይቀራል። ሆሳዕና 7.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት ማለት ይቻላል። ለአንዱ ኬክሮስ የተጻፈ ምክር በአውቶቡስ ተጭኖ ሌላ ኬክሮስ ላይ ሲወርድ ትርጉሙ ይለወጣል።

ግን ፀሐይ መኖሯ ብቻ አይበቃም፣ ልጁ ሊያገኛት ይገባል። በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ በ2015 የታተመ ጥናት 42 በመቶዎቹ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። ከከተማዎቹ ልጆች 62 በመቶ ገደማ፣ ከገጠሮቹ 21 በመቶ ገደማ። በዚያች ፀሐያማ አዳማ! ሕፃን ልጅ «ብርድ ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል» ተብሎ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ ሲውል ሪኬትስ ይመጣል፤ እግር ይጣመማል። ስለዚህ ፀሐይ ማየት ለማይችል ወይም ጉድለቱ በምርመራ ለታወቀ ልጅ የቫይታሚን ዲ ጠብታ እውነተኛ መድኃኒት ነው። እዚህም ጥያቄው ያው ነው፦ የቱ ልጅ?

ጽሑፉን በካልኩሌተር ማንበብ

አሁን ጠርሙሱን ገልብጡት። የምርት ስም አልጠራም፤ ለምሳሌ ያህል «በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ ቫይታሚን ኤ 2,500 አይዩ» ቢል ብለን እናስላ። 2,500 ለ3.33 ሲካፈል 750 ማይክሮግራም። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ ከእንስሳት ምግብና ከመድኃኒት የሚገኝ ቫይታሚን ኤ በቀን እንዳያልፍ የተቀመጠው ጣሪያ 600 ማይክሮግራም ነው። በአንድ ማንኪያ ጣሪያው ታለፈ ማለት ነው። ማንኪያው ደግሞ የሾርባ ማንኪያ ከሆነ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፣ ሦስት እጥፍ! አንድ ቀን ቢሆን ብዙ ላያሳስብ ይችላል። በየቀኑ ለወራት ከሆነ ግን ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፤ ጉበትንና አጥንትን የሚጎዳ መመረዝ ይሆናል። ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን ግን እንዲህ አያደርግም፤ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው። ካሮት ያበዛ ልጅ ቢበዛ መዳፉ ወደ ብርቱካናማ ያደላል እንጂ አይመረዝም።

ከረሜላ መሳይ ቫይታሚኖች ሌላ ጣጣ አላቸው። ትንሽ ልጅ ከረሜላና መድኃኒት አይለይም። አሜሪካ ውስጥ ብረት ያለባቸውን እንክብሎች ከልክ በላይ መዋጥ ከ6 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በመመረዝ ከሚገድሉ ዋና ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ስለተገኘ በ1997 የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ግዴታ ሆነ። ደግሞም እወቁት፦ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ምርቶች ገበያ ላይ ከመውጣታቸው በፊት እንደ መድኃኒት ተፈትሸው መጽደቅ አይጠበቅባቸውም። «ከውጭ የመጣ ነው» ማለት «ተፈትኗል» ማለት አይደለም። ከዚህ ሁሉ በላይ መኪና ጣራ ላይ ወይም መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ እና ኤ በሙቀትና በብርሃን እየተበላሸ ይሄዳል።

በዚያው ብር ሌላ ምን ይገዛል?

ይህን ትችት «ዝም ብላችሁ ምግብ ብሉ» ብዬ ብጨርሰው ከማስታወቂያው አልሻልም። በቁጥር እንነጋገር። አንድ የተቀቀለ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ይህ ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከሚመከረው ወደ ግማሽ ይጠጋል። የቫይታሚን ቢ12 ፍላጎቱንም እንዲሁ ወደ ግማሽ፣ የቫይታሚን ኤውን ደግሞ ሩብ ያህሉን ይሸፍናል። አንድ መካከለኛ ካሮት ብቻውን የቀኑን ቫይታሚን ኤ ይበልጣል። አንዲት ትንሽ ብርቱካን ልጁ በቀን ከሚፈልገው 15 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከሦስት እጥፍ በላይ ትሰጣለች። አቮካዶ ስብ ስላለው የጎመኑን ቤታ ካሮቲን ለማስገባት ያግዛል። እነዚህ ሁሉ እንደየወቅቱ መናኸሪያው ዙሪያ በሣህንና በሸራ ላይ ተዘርግተው የምታልፏቸው ናቸው።

የአካባቢያችን ምግብም የራሱ ጥንካሬና ድክመት አለው። ቆጮና ቡላ ጉልበት ይሰጣሉ፣ እንሰቱም ድርቅ ይችላል። ነገር ግን ፕሮቲናቸው በጣም ትንሽ ነው፣ ቫይታሚን ኤም የለባቸውም ማለት ይቻላል። የድሮ ሰዎች ቆጮን በጎመን፣ በአይብና በቅቤ ያጀቡት ያለ ነገር አይደለም፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። የሀዲያው አታካና ቡላን ከወተትና ከቅቤ ጋር ያገናኘው በዚሁ መንገድ ነው። አደጋው የሚመጣው አጃቢው ሲቀርና ልጁ ቆጮውን ብቻ ሲበላ ነው።

ጎረቤታችን ሀላባ ላይ የተደረገ አንድ ሥራ ደስ ይለኛል። ተመራማሪዎች ለትንንሽ ልጆች እንቁላል ጣይ ዶሮዎችን በስጦታ ሰጡ፤ ባለቤቱ ልጁ ራሱ ሆነ። እናቶች ደግሞ እንቁላልና ለካልሲየም እንዲሆን የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት እንዴት እንደሚሰጥ ተማሩ። በ2018 የታተመው ውጤት ልጆቹ እንቁላል የመብላታቸው ነገር መጨመሩን ያሳያል። ገበያ ይወጣ የነበረው እንቁላል የልጁ ሆነ። በምህንድስና አይን ሳየው ችግሩ ያለው ምርቱ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ነው የሚያሳየኝ፦ እንቁላሉ ቤት ውስጥ እያለ ወደ ልጁ ሣህን የሚያደርሰው መንገድ ነበር የተዘጋው።

ታዲያ ምን እንበል?

ቫይታሚን ወይም ማዕድን በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፦ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ሪኬትስ የታየባቸው፣ ደማቸው ተመርምሮ ማነስ የተገኘባቸው፣ በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዱ፣ የምግብ መፈጨትን የሚያውክ በሽታ ያለባቸው። እነሱ ጠርሙሱን በሐኪም ትእዛዝ ይወስዳሉ፣ ይገባቸዋልም። ለቀሩት ግን «ለሁሉም፣ ሁሉንም፣ በየቀኑ» የሚለው ማዘዣ ከየትኛውም ምርመራ የመጣ አይደለም።

የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ። ልጁ መብላት ሲጠላ፣ ክብደቱ ሲቆም፣ ሲገረጣ፣ ጠርሙሱ ለሁለት ወር «እስቲ እንየው» ያስብላል። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ግን ጥገኛ ትላትል፣ ወባ ወይም ቲቢ ጊዜ ያገኛሉ። ገንዘቡ ቢጠፋ ይተካል፤ የሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ወር ግን ብዙ ነው።

እናንተ አብዛኞቻችሁ ታናሽ እኅት ወይም ወንድም፣ አለዚያም የእኅት ልጅ አላችሁ። ነገ ጠርሙስ የምትልኩት ወይም የምትቀበሉት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ፋርማሲ ስትገቡ ባለሙያውን አራት ነገር ጠይቁ፦ የየትኛው ንጥረ ነገር ጉድለት ነው የሚሞላው? ጉድለቱ በምን ታወቀ? ለዚህ ዕድሜ መጠኑ ስንት ነው፣ በምንስ ይለካል? መቼ ይቆማል? ልጁ በጤና ጣቢያ የቫይታሚን ኤ ጠብታ ወስዶ እንደሆነም ንገሩት።

ቤት ውስጥ ሽሮፑን ተስፋ አድርጋ የያዘች እናት ወይም አያት ካለች ደግሞ በክርክር አትጀምሩ። «እማዬ፣ እስቲ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስደን እናስመዝነው፤ የዚህ ወር የጠርሙሱ ብር ደግሞ ለእንቁላል ይሁን» በሏት። ከወር በኋላ ልጁን መልሳችሁ አስመዝኑትና ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፏቸው።